ሰባተኛዋ ናሙና

ጥቅምት 3 ቀን

ለጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ ደኅና ነኝ፤ «ደኅና ነኝ» የሚለውን ለደብዳቤ ወግ ያህል ከተቀበሉኝ።

በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የላኩልኝ ወረቀት ከደረሰኝ አርባ ቀን አልፎታል። መልስ ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ደግ ወሬ እስካገኝ ልቆይ እያልኩ አዘገየሁት። ደግ ወሬው አልመጣም ሲል ጊዜ፣ ያለ እሱም ቢሆን ልጽፍ ብዬ ይኸው ተቀመጥኩ።

ለጠየቁኝ በተራ ልመልስ። ጠረጴዛዎ ላይ የምሠራው እኔው ነኝ። ወንበርዎንም ማንም አልወሰደብኝም፤ ለእኔ ቁመት ስለሚያጥር ከሥሬ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ አነጥፋለሁ። ትልቁ ፓምፕ አሁንም እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል። ጆሮዎን የበላው እሱ ነው እያልኩ ባጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር እረግመዋለሁ። ስልክ ብደውልልዎማ እንዴት በቀለለኝ! ግን ባለፈው ደውዬ «ናሙናው ተቃጠለ» ስልዎ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብለው ዘጉብኝ። ወረቀት ይሻለናል።

ፕሮፌሰሯ ደኅና ናቸው። ለመጋቢት የስልክ ፋብሪካ ሰዎች ላቦራቶሪውን ሊያዩ ይመጣሉ ተብሎ ሽር ጉድ ላይ ናቸው። የሚታየው ነገር ደግሞ ከእኔ ነው የሚጠበቀው።

እንደሚያውቁት ሥራዬ አንድ ነው፤ ሰባተኛዋን ናሙና መድገም። ጡረታ ከመውጣትዎ ከሦስት ዓመት በፊት የሠሯትን፣ ፕሮፌሰሯን በየአገሩ ያስጠራቻቸውን፣ ያቺን ጥፍር የምታህል ቁራጭ። እቤት «ምንድን ነው የምትሠሪው?» ሲሉኝ እንዲህ ብዬ አስረዳለሁ፦ ስልክ ውስጥ ትራንዚስተር የሚባሉ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉና የሚያግዱ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን በሮች አሉ። በሮቹ የሚሠሩት ከሲሊከን ነው። ሲሊከን ደግሞ ከመጠን በላይ ሲያሳንሱት በሩ አልዘጋ እያለ ያፈሳል። እኛ በሱ ፋንታ ከሞሊብዲነምና ከድኝ በተሠራ፣ ውፍረቱ ሦስት አቶም ብቻ በሆነ ነገር ላይ በሩን ልንሠራ እንለፋለን። አንዴም ተሳክቷል። እናቴ ይህን ሰምታ «አንዴ ከተሠራ ታዲያ ሁለተኛው ምን አቃተው?» አለችኝ። እኔም ይህንኑ ልጠይቅዎ ነው የጻፍኩት።

በሁለት ዓመት ሠላሳ ስምንት ናሙና ሠራሁ። አንዱም ሰባተኛዋ የምታሳልፈውን ኤሌክትሪክ መቶኛ አላሳለፈም። ማዕድኑን ስስ እስኪሆን የሚልጡበትን ፕላስተር ስንት ጊዜ ነበር የሚያጣብቁት? ሲልጡት በምን ፍጥነት? ምድጃው ውስጥ ስንት ደቂቃ? ደግሞስ ከሥር የተነጠፈው ዋፈር፣ ያ ክቡ የሲሊከን ሳህን፣ ከየትኛው ሳጥን ነበር? መዝገብዎ ላይ የሁሉም ናሙና የሳጥን ቁጥር ተጽፏል። የሰባተኛዋ ብቻ ባዶ ነው።

እርስዎ «ጥያቄ» ብለው ስም ያወጡላት


ጥቅምት 17 ቀን

ለልጄ ለጥያቄ፣

ሰላምታሽ ከነመጽሐፍሽ ደረሰኝ። ወንበሩ ከሥሩ በስተቀኝ ዘንግ አለው፤ ተነስተሽ ብትስቢው ከፍ ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ላይ ቁጢጥ ብለሽ ስትውዪ የሚነግርሽ አንድ ሰው ጠፋ? ጉድ እኮ ነው።

ጤናዎ ላልሽው፣ ደኅና ነኝ፤ የምኖረው ፋርማሲስቷ ልጄ ጋ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ነን፤ ከሥራችን ዳቦ ቤት አለ፤ ጠዋት ሽታው ነው የሚቀሰቅሰኝ። መስኮት ሥር ጠረጴዛ ሰጥታኛለች። ጎረቤቱ እንዴት እንደሰማ እንጃ፣ የተበላሸ ቻርጀር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ባለፈው ሳምንት ከታች ያለው የታክሲ ሹፌር ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማይበልጥ ነገር ይዞ መጣና «ይሄ ላፕቶፕ ይሞላል» አለኝ። ሳቅሁበት። ስከፍተው ሳቄን ዋጥኩ። ውስጡ ያለው ትራንዚስተር ከሲሊከን አይደለም፤ ጋሊየም ናይትራይድ የሚሉት ነው። የድሮዎቹ ጡብ ጡብ የሚያካክሉት ቻርጀሮች እንደ ምጣድ ሲግሉ ይሄ ለብ ቢል ነው። የተበጠሰች ሽቦውን በይጄ ሰጠሁት። ቀኑን ሙሉ ግን ፕሮፌሰሯን ሳስብ ዋልኩ። ሌሎች በሌላ በኩል ከሲሊከን እጅ መውጣታቸውን ሳይ ደስም አለኝ፣ ከፋኝም።

ፕላስተሩን ከስድስት ጊዜ በላይ አታጣብቂ። ስትልጪውም ቁስል ላይ እንደተለጠፈ ነገር አትመንጭቂው፤ የተኛ ሕፃን ብርድ ልብስ እንደምትገልጪ አድርጊው። ምድጃው ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። ወረንጦሽን ጠዋት ጠዋት በአልኮል እጠቢው፤ ለማንም አታውሺ።

ስለ እጅሽ አትጠራጠሪ። አራት ወር አጠገቤ ቆመሽ ስትሠሪ አይቼዋለሁ፤ ምንም አይወጣለት።

ስለ ቀረው ጥያቄሽ፣ ጊዜው ረዝሟል። ሰው ይረሳል።

ጋሼሽ

ይህን ልዘጋ ስል ትዝ አለኝ፤ የደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ጽሕፈትሽ ይንቀጠቀጣል። ምን ሆነሻል?


ኅዳር 5 ቀን

ለጋሼ፣

ወንበሩ ከፍ አለ! ሰው ሁሉ እየመጣ አየልኝ። የፎቁ ጽዳት ሠራተኛ «አሁን ገና ሰው መሰልሽ» አለችኝ።

ስለ ጽሕፈቴ ጠየቁኝ። ላልነግርዎ ነበር፤ ለእናቴም አልነገርኩም። ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር፣ ስለ እጄ። ሐኪሙ «ዘርጊ፣ ጨብጪ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ጣትሽን አፍንጫሽ ላይ አሳርፊ» አለኝ። ሁሉንም አደረግሁ። ብዙ ጊዜ ወስዶ አየኝና «ምንም የለብሽም» አለኝ። ከዚያ ወጥቼ ደረጃው ላይ አለቀስኩ። ሰው «ምንም የለብሽም» ሲባል ያለቅሳል? አንድ ነገር ቢያገኝብኝ ኖሮ ስም ይኖረው ነበር፤ መድኃኒትም አይጠፋም።

ናሙናው አርባ አራት ደርሷል። እንዳሉኝ እንደ ሕፃን ብርድ ልብስ ገለጥኩት። ሃያ ደቂቃውንም ጠበቅሁ። ያው ነው።

ፕሮፌሰሯ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ብርቱካን አስቀምጠውልኝ ያልፋሉ። ይህ ደግነታቸው ከቁጣ የባሰ ይከብደኛል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰባተኛዋን ከመሳቢያ አውጥተው ያሳያሉ፤ «ይህን መሥራት የቻሉ እጆች በዓለም ላይ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ጡረታ ወጡ» ይላሉ። ሰው ይስቃል። እኔ የራሴን እጅ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ከሌሎች ላቦራቶሪዎች «እኛም ሞክረን አልሆነልንም» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ መልስ የምጽፈው እኔ ነኝ። ምን ብዬ እንደምጽፍ ያውቃሉ? «የእጅ ጥበብ ይጠይቃል።»

የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ጽፌ ጨርሻለሁ። የአክስቴ ባል የስልክ መጠገኛ ሱቅ አለው፤ የተሰበረ ስክሪን የሚቀይር ሰው ይፈልጋል። ስልክ ቢያንስ ሲጠገን ይበራል።

የሳጥኑን ነገር ይተዉት። ሰው ይረሳል፤ እውነትዎን ነው። ያለ ነገር አደከምኩዎ።

ጥያቄ


ኅዳር 11 ቀን

ልጄ፣

ሰላምታውን ዛሬ ይቅር በዪኝ። የሳጥኑን ነገር አልረሳሁም። አንዲት ደቂቃ እንኳ ረስቼው አላውቅም።

ሰባተኛዋን በሠራሁበት ሳምንት ያዘዝነው ዋፈር ጉምሩክ ላይ ተይዞ ነበር። ሥራችንን ሊያዩ ገምጋሚዎች ሐሙስ ይመጣሉ፤ ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ስድስቱ ናሙናዎች አንዳቸውም አልሠሩም። እኔ ቁምሳጥኑን ስፈትሽ አንድ ሥራ ለቆ የሄደ መምህር የተወው፣ ምንም ያልተጻፈበት ሳጥን አገኘሁ። አንዱን ዋፈር አወጣሁና ብርሃን ላይ ያዝኩት። የእኛዎቹ ሐምራዊ ናቸው። ያኛው ወደ ሰማያዊ ያደላ ነበር። አይቻለሁ፤ አላየሁም አልልሽም። «ላዩ ያለው የመስታወት ሽፋን ትንሽ ወፍሮ ይሆናል» አልኩና ቆረጥኩት። መዝገቡ ላይ የምጽፈው ቁጥር ስላልነበረው ባዶውን ተውኩት።

ሐሙስ ለት ኤሌክትሪኩን ስንለቅ መለኪያው ጣሪያ ነካ። ፕሮፌሰሯ፣ አብረን በሠራንበት ሃያ ስድስት ዓመት ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቻቸው የማላውቀው ሴት፣ ጮኸው አቀፉኝ። «እጅዎ ይባረክ» አሉኝ፣ በሰው ሁሉ ፊት።

ስምንት ወር አለፈ፤ ጽሑፉም ታትሞ ወጣ። በመሐል ያ መምህር ሳጥኔን ላኩልኝ ብሎ ጻፈ። ላሽግለት ስከፍተው ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ዋፈሮቹ ከመስታወቱ በላይ ሌላ ስስ የሲሊከን ቆዳ እንዳላቸው ይላል። ገባሽ? ኤሌክትሪኩ የሄደው በዚያ ቆዳ ነው። እኛ ከሲሊከን ወጣን ብለን ስንጨፍር ሥራውን የሠራው ሲሊከን ራሱ ነበር። የእኛ የሞሊብዲነም ልጥ ላዩ ላይ ተኝቶ ነበር፣ ምንም ሳይሠራ።

ወረቀቱን ይዤ ፕሮፌሰሯ በር ድረስ ሄጃለሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። በስልክ «የእሳቸው እጅ ነው እንጂ እኔማ ምን አደረግሁ!» እያሉ ይስቃሉ። ተመለስኩ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ከዚያ ሰኞ፤ ከዚያ ከጉባኤ ሲመለሱ። ዝምታው ከቀን ወደ ቀን እየቀለለኝ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። እየከበደኝ ሄደ።

ሌላም ልንገርሽ፣ የሚያሳፍር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ዕቃ ሳጥብ፣ ፓምፕ ስፈታ፣ ማንም እጄን ልብ ብሎት አያውቅም ነበር። ሲመሰገን ጣፈጠኝ።

አንቺ ግን ሐኪም ፊት ቀርበሽ እጅሽን ዘረጋሽ። ያስዘረጋሁሽ እኔ ነኝ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። ልጄ የመድኃኒት ዓይነት ታቀርብልኛለች፤ የማይታከም መሆኑን እንዴት ብዬ ልንገራት?

ይህን ደብዳቤ ለፕሮፌሰሯ ስጫቸው። ስሜን አትሸፍኚ። ካላመኑ ሰባተኛዋን ከመሐል ቆርጠው ጎኗን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይዩት፤ ቆዳው ወለል ብሎ ይታያል። መልቀቂያሽን እንዳትሰጪ። እባክሽ።


ታኅሣሥ 2 ቀን

ለልጄ፣

እንደምን አለሽ? ሦስት ሳምንት ሆነው። ፖስታ ቤት ስመላለስ የመስኮቷ ልጅ ለይታኛለች፤ ከሩቅ ስታየኝ ራሷን ትነቀንቃለች። ልጄ ደግሞ «አባዬ፣ ፍቅረኛ ያዝክ እንዴ?» እያለች ታሾፍብኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

ደብዳቤው ደርሶሽ ይሆን ወይስ ጠፍቶ? ከደረሰሽና ከተቆጣሽ ቁጣሽን ጻፊልኝ። ስድብም ቢሆን ደብዳቤ ነው።

ያ ካልሆነልሽ አንዲት ነገር ብቻ ንገሪኝ። ፕሮፌሰሯ አልቅሰዋል?

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ለጋሼ፣

ደርሶኛል። ይቅርታ፤ ዝም ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ቁጣዬ ፖስታ ውስጥ የሚገባ እስኪሆን ጠብቄ ነው።

ተቆጥቼብዎታለሁ። ሁለት ዓመት፣ ጋሼ! ሁለት ዓመት የጓደኞቼን ልደት ቀረሁ፤ አባቴ ታሞ አንድ ቀን ብቻ አስታምሜው ተመለስኩ፤ ናሙና ምድጃ ላይ ነው ብዬ። መጀመሪያ ሳነብ ደብዳቤዎን ጨምድጄ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ አወጣሁትና በመጽሐፍ ተጭኜ አቃናሁት። ወንበሩ ላይ የነበሩት መጻሕፍት ለአንድ ነገር ጠቀሙ።

ለፕሮፌሰሯ ደብዳቤውን አልሰጠኋቸውም። በእርስዎ ቃል ሳይሆን በዓይኔ አይቼ ልናገር ብዬ ነው። ቢሯቸው ገብቼ «ሰባተኛዋን እንቁረጣት» አልኳቸው። ሌላ እንደሌለን ያውቃሉ፤ ከተቆረጠች አለቀላት። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ለምን?» አሉ።

«ከሥሯ ያለው ዋፈር የእኛ አይመስለኝም።»

«ምኑን አይተሽ?»

«ቀለሟን።»

አላስረዘሙም። ከመሳቢያ አወጧትና ራሳቸው ወደ መስኮቱ ይዘዋት ሄዱ። ከሌላ ቁራጭ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ብዙ አዩ። «አምስት ዓመት ለሰው ሳሳያት ቀለሟን ልብ ብዬ አላየሁትም» አሉ። ከዚያ ጓንት አጠለቁ። «እኔ ልቁረጥ» ብላቸው «የእኔ ናት» አሉኝ። በአልማዝ ጫፉ ጫሯት፤ በሁለት ጣት ተጫኗት፤ ቀጭ አለች። እንዲህ በቀላሉ።

ከሰዓት በኋላ ጎኗን አየነው። የሲሊከን ቆዳው እንደ ነጭ ክር ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል።

አልቅሰዋል ወይ ላሉኝ፣ አላለቀሱም። ወንበር ጠየቁ። ተቀመጡና «ስንት ናሙና ሠርተሻል?» አሉኝ። አርባ አራት አልኳቸው። «እንግዲያው አርባ አራቱም ትክክል ነበሩ» አሉ። «አንቺም ልክ ነበርሽ፤ የእኔዋ ናት የተሳሳተችው። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ያውም ድምፄን አውጥቼ፤ ከሚቀጥለው ክፍል ሰው እስኪመጣ።

ልወጣ ስል «ቀለሟን ማን አሳየሽ?» አሉኝ። መዋሸት አልቻልኩም፤ የተጨማደደውን ደብዳቤ ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡት። አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና አድራሻዎን ጠየቁኝ። ፊታቸው ላይ ምንም ማንበብ አልቻልኩም። ጻፉልዎ? ምን አሉ? እኔን ጨንቆኛል።

ጥያቄ


ታኅሣሥ 21 ቀን

ለልጄ፣

ጻፉልዎ ወይ ላልሽው፣ አልጻፉም። መጡ።

በሩን የከፈተችው ልጄ ናት። ካፖርት የለበሰች የተከበረች ሴት ስታይ «ቻርጀሩን ያምጡትና እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያኑሩት፤ አሁን ይመለከቱልዎታል» አለቻቸው። ፕሮፌሰሯም ታዛዥ ሆነው ገብተው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቁጭ አሉ። ቀና ስል እሳቸው ናቸው። የያዝኩት ካቻቪቴ ከእጄ ወደቀ።

ወር ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። አንዱም አልመጣ አለኝ። እሳቸውም ቀስ ብለው ሊያወሩ ሞከሩ፤ እኔ አልሰማ አልኩ። መጨረሻ ላይ መጮኽ ግድ ሆነባቸው። ያን ያህል ዘመን የደበቅሁትን ጉድ ሦስት ፎቅ ሙሉ ሰማው።

«ምነው ለብቻዎ ተሸከሙት?» ብለው ጮኹ።

«በርዎ ድረስ መጥቼ ነበር» አልኩ።

«ታዲያ ማን መለሰዎ?»

«ምስጋናዎ።»

ልጄ ሻይ ይዛ ገብታ ሁለታችንንም አየችንና ሻዩን እንደያዘች ተመልሳ ወጣች።

ከዚያ ከቦርሳቸው ወረቀት አወጡ። ጽሑፉን ከመጽሔቱ የሚያነሱበት ማስታወቂያ ነው፤ አነበቡልኝ። «ስሕተቱ የእኔ ነው፤ የዋፈሩን ምንጭ ሳላጣራ አሳተምኩ» ይላል። የእኔ ነገር የለበትም። እኔም ጮኽኩ፤ «ዋፈሩን የመረጥኩ እኔ! ቀለሙን አይቼ የቆረጥኩ እኔ! ወረቀቱን ያገኘሁ እኔ! ምን በወጣዎ ይሸፍኑኛል?»

«የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ስምዎ የት ነበር?» አሉኝ።

የለም ነበር። ከታች በትንንሽ ፊደል «ለላቦራቶሪ ሠራተኞች ምስጋና» ይላል፤ እኔ እዚያ ውስጥ ነኝ ማለት ነው።

«አያችሁ» አሉ፤ የምር እኔን ነው፤ ግን ለአንድ ክፍል ተማሪ እንደሚያስረዱ ነበር የተናገሩት። «እጅዎን በየጉባኤው አሞገስኩ። ስምዎን መጻፍ ግን አልታየኝም። ስምዎ ቢኖርበት ጽሑፉ የእርስዎም ነበር። የራሱን ጽሑፍ የሚያርም ሰው ማንንም አያስፈቅድም፤ በር ላይ አይቆምም። ያቆምኩዎ እኔ ነኝ።»

እንዲህ ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም። አሁንም ጥፋቴን አያቀለውም፤ ይሄ እንዲገባሽ እፈልጋለሁ። «እንግዲያው እዚህኛው ላይ ያስገቡኝ» አልኳቸው። ሳቁ። «ሰው እኮ በደስታው ጊዜ ነው ስሜ ይግባ የሚለው» አሉ። «ለደስታውማ ዘገየሁ» አልኩ። ጻፉት። ሁለታችንም ያኔ ነው ያለቀስነው፤ የጠየቅሁሽን ራሴው ለመመለስ ያህል።

አሁን ያንቺ ፈቃድ ነው የቀረው። ያገኘችው እሷ ናትና ስሟ ከሁላችን ይቅደም ይላሉ። ምን ትያለሽ?

አንድ ያልነገርሽኝ ነገርም ነገሩኝ። መልቀቂያሽን ደብዳቤዬ ከመድረሱ አንድ ቀን በፊት ሰጥተሻቸው ነበር አሉ። እንዲያ ሆኖ ሳለ እኔን ስትመልሺ አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ከማን ተማርሽው? ከእኔ ነው እንዳትዪኝ።

ጋሼሽ


ጥር 14 ቀን

ለጋሼ፣

ከእርስዎ ነው የተማርኩት።

አዎ፣ ሰጥቼ ነበር። ብነግርዎ ዘግይቻለሁ ብለው እንዳይታመሙ ብዬ ነው። ፕሮፌሰሯ ባለፈው ሳምንት እንደታሸገ መለሱልኝ፤ «ምን እንደሆነ ገብቶኝ አልከፈትኩትም፤ ብርቱካን የሚበላ ሰው አጣለሁ ብዬ ፈራሁ» አሉኝ። ለአክስቴ ባል አልመጣም ብዬዋለሁ። ተቀየመ። ግን የእሱን ስልክ በነፃ ሠራሁለትና ታረቅን።

ስለ ማስታወቂያው የጠየቁኝን ሳስብበት ከረምኩ። በተገኘ ስሕተት ስሜ ቀድሞ እንዲወጣ አልፈልግም ነበር። በኋላ ግን እነዚያ «የእጅ ጥበብ ይጠይቃል» እያልኩ መልስ የጻፍኩላቸው ሰዎች ትዝ አሉኝ። ከመሐላቸው እንደኔ እጇን የምትጠራጠር አትጠፋም። ስሜን አይታ ትወቀኝ ብዬ እሺ አልኩ።

እዚህ ነገሩ ቀላል አልሆነም፤ እውነቱን ልንገርዎ። የስልክ ፋብሪካ ሰዎች በሁለት መስመር ደብዳቤ ቀርተናል አሉ። አንድ ተማሪ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። ኮሪደር ላይ ፕሮፌሰሯን ሲያዩ ግድግዳ የሚያነቡ አሉ። እሳቸው ቀድመው ሰላም ይሏቸዋል፣ በስም እየጠሩ።

ደግ ወሬ ከሌለ አልጽፍም ብዬ ነበርና ይኸው። አርባ አራቱን ናሙና ከቆሻሻ መሳቢያው አውጥተን እንደገና ለካናቸው። እስከዛሬ ከሰባተኛዋ ጋር እያስተያየሁ ነበር የምጥላቸው። እርስ በርስ አስተያይቼያቸው አላውቅም! ሃያ ዘጠኙ ተመሳሳይ ናቸው፤ አንዱን ያየ ሌላውን ያየ ያህል ነው። የሚያሳልፉት ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው፤ አላጋንንም። ሲዘጉ ግን ጥርቅም አድርገው ይዘጋሉ፤ የሚያፈሱት መለኪያችን ሊያየው ከሚችለው በታች ነው። ሰባተኛዋ አንድም ቀን እንዲህ ዘግታ አታውቅም። ፕሮፌሰሯ ቁጥሩን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። «ይሄማ የራሱ ጠባይ ነው» አሉ። ከሰኞ ጀምሮ በዚህ ላይ ልንሠራ ነው። ስልክ ውስጥ ለመግባት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አይጠይቁኝ፤ አላውቅም።

ማስታወቂያው ሊላክ ነው፤ ሦስት ስም። ስምዎን ከነአያትዎ ልጻፈው ወይስ እስከ አባትዎ ይብቃ?

ጥያቄ


የካቲት 20 ቀን

ለልጄ፣

ከነአያቴ በመጻፍሽ ደግ አደረግሽ። አያቴ በደብዳቤ እንኳ ስሙ ተጽፎ አያውቅም ነበር።

መጽሔቱ ትናንት በስቲያ ደረሰ። ልጄ ናት ፖስታውን የከፈተችው። መጀመሪያ ማስታወቂያ መሆኑን አላየችም፤ ስሜን ብቻ ነው ያየችው።

«አባዬ! ስምህ ታትሟል!» አለች።

«አዎ» አልኩ።

«ምን ሠርተህ ነው?»

«ተሳስቼ።»

የምቀልድ መሰላት። መነጽሯን አድርጋ ቁጭ አለችና ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ እንደገና አነበበችው። ላቦራቶሪ ውስጥ ምን ስሠራ እንደኖርኩ በልጅነቷ ጠይቃኝ «ብርጭቆ ነው የማጥበው» እያልኩ ነው ያሳደግኋት፤ እውነትም አብዛኛው እሱ ነበር። አሁን የዋፈሩን፣ የቀለሙን፣ የመምህሩን ሳጥን አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። በር ላይ ደርሼ የተመለስኩትንም። ስጨርስ ገጹን በጥንቃቄ ቀድዳ አወጣችው።

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ምን እንዳደረገችው ልንገርሽ። በመስታወት አስገጥማ ፋርማሲው ውስጥ ከሥራ ፈቃዷ አጠገብ ሰቀለችው። «አውርጂው፣ ሰው ይስቅብኛል» ብላት አልሰማ አለችኝ። መድኃኒቱ እስኪዘጋጅ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ሌላ የሚያየው ስለሌለ እሱን ያነባል።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴትዮ አንብባ ስትጨርስ «እኚህ መጨረሻ ላይ ያሉት ሰውዬ ማን ናቸው?» ብላ ጠየቀቻት አሉ።

ልጄ መድኃኒቱን እየቆጠረች ነበር። መቁጠሯን አቁማ ቀና አለችና «አባቴ ናቸው» አለቻት።

ጋሼሽ